ለመግለጽ እንደተሞከረው

አባቴ ባረፈ በዓመቱ ቤቱን ስናጸዳ ከአልጋው ሥር ሁለት የቆርቆሮ ሣጥኖች ወጡ። እናቴ የቤት ካርታ ወይም የባንክ ደብተር ይገኝበታል ብላ ቆማ ጠበቀች። እኔም ከእሷ ብሼ ጠብቄ ነበር። የተገኘው ወረቀት ነው፤ በካርቦን የተባዛ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣ ከዳር እስከ ዳር የሌላ ሰው ብሶት የሞላበት ወረቀት። አባቴ ለደንበኛ የጻፈውን ማመልከቻ ሁሉ አንድ ቅጂ ለራሱ ያስቀር ኖሯል። ለምን እንደሚያስቀር ለማንም አልተናገረም። እናቴ «ለከሰል ማቀጣጠያ ይሆናል» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። አዳማ ውስጥ፣ ፍርድ ቤት አካባቢ፣ አንዲት ግራር ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና፣ ሁለት ዱካና አራት ድንጋይ ነበረው። ድንጋዮቹ ወረቀቱን ነፋስ እንዳይወስደው ነው። የአዳማ ነፋስ ቀልድ አያውቅም። መንግሥት በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የነፋስ ተርባይኖችን ከከተማው ዳር ሲያስመርቅ፣ አባቴ «እኔ በድንጋይ ስገታው የኖርኩትን እነሱ ሸጡት» ይል ነበር።

ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስወጣ ምሳውን የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ደንበኞቹ ዱካው ላይ ተቀምጠው ይናገራሉ፤ ያለቅሳሉ፤ ይራገማሉ። አንዲት እናት «ልጄን ወስደው አስረውብኛል፣ ቀማኛ ሁላ! የሚጠይቃችሁ አምላክ አለ!» እያለች ደረቷን ስትመታ አሁንም ይታየኛል። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሰማት፤ ስትጨርስ ጣቶቹን ወደ መኪናው ሰደደ። ከመኪናው የወጣው ግን ሌላ ነው፦ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ የአመልካች ልጅ በሕግ ጥላ ሥር የሚገኝ ስለሆነ፣ የተከበረው መሥሪያ ቤታችሁ ጉዳዩን ተመልክቶ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።» ቀማኛ ሁላ የሚለው የት ገብቶ እንደ ቀረ አላውቅም። ሴትዮዋ ማንበብ አትችልም ነበርና አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ ፈረመች፤ አመሰገነችውም።

ይህችን «ለመግለጽ እንደተሞከረው» የምትል ሐረግ ማመልከቻ ጽፎ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቃታል። እስቲ ቀስ ብላችሁ እዩዋት። ሰውዬው አልገለጸም። ለመግለጽ ሞከረም አልተባለም፤ «ተሞከረ» ነው፤ ሞካሪው አይታወቅም። ደብዳቤው ገና ሳይጀመር አቤት ባዩ ከገዛ ዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ በር ላይ ቆሟል። ቀጥሎ «በደል ተፈጽሞብኛል» ይመጣል፤ ፈጻሚው የለም። መጨረሻው «እንዲደረግልኝ» ነው፤ አድራጊውም የለም። አባቴ ይህን ሰዋስው የተማረው ትምህርት ቤት አይደለም። ስም ጠርቶ የጻፈ ሰው ምን እንደሚያገኘው ግራሩ ሥር ተቀምጦ አይቷል።

ድሮም እንዲህ ነበርን? አይመስለኝም። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በ18ኛው መቶ ዓመት ጎንደር በገባ ጊዜ፣ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ከጠዋት እስከ ማታ የአቤት ባይ ጩኸት እንደማይጠፋ ጽፏል። ሁሉም በየቋንቋው ይጮኻል። ክረምት ገብቶ ባለጉዳይ ሲያንስ ደግሞ እንደ ተበደለ ሰው እንዲጮኹና እንዲያለቅሱ የተቀጠሩ ሰዎች ነበሩ ይላል፤ ግቢው ጭር ብሎ ንጉሡ ብቸኝነት እንዳይሰማው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ቆይቼ ሳቄ ጠፋ። በአውቶቡስ ተጭኖ፣ ሸሚዝ ታድሎት፣ አደባባይ የሚወጣውን የድጋፍ ሰልፍ ባየሁ ቁጥር እነዚያ ቅጥር አልቃሾች ይታወሱኛል። ልዩነቱ የአሁኖቹ እንዲስቁ መታዘዛቸው ነው።

ችሎት ፊትም ቢሆን ተሟጋቹ አልተሽኮረመመም። ነጠላውን አደግድጎ፣ በትሩን ጨብጦ፣ «በላ ልበልሃ!» እያለ ክሱን በግጥም ያወርደው ነበር። «በሕግ አምላክ!» የተባለ መንገደኛ የፈለገ ቢቸኩል ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ስለዚህ አንገት መድፋት የአገር ባሕል ነው የሚሉኝን ሰዎች አላምናቸውም። ጩኸቱን ያረጋጋው ወረቀቱ ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ለኢትዮጵያ ተገዢዎች ሕጋዊ መልክ ያለው አቤቱታ ለመንግሥት የማቅረብ መብት ሰጣቸው። የ1948ቱ ደግሞ አቤቱታውን እስከ ንጉሠ ነገሥቱ አደረሰው። አባቴ እንጀራ የበላው በዚያች «መልክ» በምትለው ቃል ነው። ብሶት ሁሉም ሰው ዘንድ አለ፤ መልኩን የሚሸጠው እሱ ነበር።

ወደ ሣጥኖቹ ልመለስ።

የአንደኛው ሣጥን ታችኛ ወረቀት በ1968 ዓ.ም. የተጻፈ ነው። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ ነበር፤ አንዲት ባል የሞተባት ሴት ከሁለቱ ክፍሎች አንዱ ትርፍ ቤት ሳይሆን ማድቤት መሆኑን ታስረዳለች። ማብቂያው ላይ «ኢትዮጵያ ትቅደም!» ተብሏል። አዝኜ ካነበብኩት በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዚያው አዋጅ የስንት ድሃ ተከራይ ኪራይ ተቀንሷል? አያቴ አንዷ ነበሩ፤ ኪራያቸው በግማሽ ሲወርድ ጠላ ጠምቀው ጎረቤት ጠርተዋል። የአያቴ ደስታ ሣጥኑ ውስጥ የለም። ጥሩ ነገር የደረሰበት ሰው ማመልከቻ አይጽፍም። ስለዚህ ይህ ሣጥን የታሪክን አንድ ወገን ብቻ እንደሚያሳይ አውቃለሁ፤ እኔም በእሱ ተመርቼ ስጽፍ የምስተው እንደሚኖር አምናለሁ።

ከመሃል አንድ እስር ወረቀት በሲባጎ ታስሮ ተቀምጧል። የ1978 ዓ.ም. ነው። አንድ ቦታ የቀን ሥራ ሠርተው የሦስት ወር ደመወዝ የቀረባቸው ሰዎች አቤቱታ ነው፤ አሥራ አንድ ቅጠል። ሁሉም በአንድ ቀን ተጽፈዋል። ሁሉም ቃል በቃል አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በስማቸው ብቻ ነው። አንድ ወረቀት ጽፎ ማስፈረም ሲችል አሥራ አንድ ጊዜ ጻፈ። በዚያን ጊዜ የሚያስከፍለው በቅጠል መሆኑን ስለማውቅ በአባቴ አፈርኩ። ደመወዝ ያልተከፈለው የቀን ሠራተኛ ላይ! ለእናቴም አላሳየኋትም፤ መልሼ በሲባጎው አሰርኩት።

ሁለተኛው ሣጥን ወረቀቱ ነጭ ነው፣ የከተማውም ስም ይለወጣል። እስከ 1990ዎቹ መግቢያ ድረስ ከቀኑ በላይ «ናዝሬት» ይላል፣ ከዚያ በኋላ «አዳማ»። በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ ከአዲስ አበባ ወደ እኛ ከተማ እንዲዛወር ተወሰነ። ውሳኔውን የተቃወሙ ተማሪዎች ታሰሩ፤ በ1997 ከምርጫው ማግሥት መቀመጫው ተመልሶ አዲስ አበባ ሆነ። መጣ ሲባልም ሄደ ሲባልም የአዳማን ሰው የጠየቀ አልነበረም። የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ቀድሞ ኦሮምኛ ሆኖ ስለነበር አባቴ ገበያው ቀዘቀዘ። መቼም አላማረረም። ቁቤ አጥርቶ የሚጽፍ አንድ ወጣት ፈልጎ አጠገቡ አስቀመጠ፣ ገቢውን ተካፈሉ፤ ልጁም «አባባ» ይለው ነበር። እኛ አቤቱታ የምንለውን ኦሮሞው «ኢያታ» ይለዋል፤ ከመጮህ የመጣ ቃል ነው፣ የእኛም «አቤት» ከማለት እንደ መጣ። ሁለቱም ቃል ውስጥ ጩኸት አለ። ልጁ የሚጽፈውን ለአባቴ ሲተረጉምለት ግን በኦሮምኛውም ያው «በትሕትና» ነበር። መንግሥት ተለወጠ፣ ፊደል ተለወጠ፣ የከተማው ስም ተለወጠ፤ ጎንበስ ማለቱ ግን ሳይለወጥ ተሻገረ።

ሣጥኑ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁትም አለ። ከአዳማ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄድ ብሎ ወንጂ አለ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንዶች ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት የጀመረበት ነው። ለሸንኮራው ሥራ ከደቡብም ከየአቅጣጫውም የመጣው ሠራተኛ የሚጠጣው የጉድጓድ ውኃ የስምጥ ሸለቆ ውኃ ነበርና ፍሎራይዱ የበዛ ነው። የልጆቹን ጥርስ አበለዘ። ለዓመታት የጠጡትን ሰዎች ደግሞ አጥንታቸውን አድርቆ አጎበጣቸው፤ ሐኪሞች በኋላ አጥንተው ያረጋገጡት ነገር ነው። የአባቴ ደንበኞች ብዙዎቹ የዚያ ሰፈር ሰዎች ነበሩ። ጀርባቸው ጎብጦ፣ አንገታቸው አልዞር ብሎ፣ ከነገላቸው እየዞሩ ሲያዩኝ አስታውሳለሁ። ስለ ጡረታ ጽፈዋል። ስለ ቤት፣ ስለ ዝውውር፣ ስለ ልጅ ቅጥር ጽፈዋል። ስለ ውኃው የጻፈ አንድ ሰው የለም። ለማን ይጻፋል? ውኃ አድራሻ የለውም። ድህነት ከሰው ላይ የሚወስደው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ በደሉን የሚያደርስበትን አድራሻም ይወስድበታል። ስኳሩ የሚመረትበት ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ስኳር ለመግዛት በሸማቾች ማኅበር በር የተሰለፍንባቸውን ዓመታት እንኳ ልተወው።

አሁን ደግሞ ከተማችን የስብሰባ ከተማ ሆናለች። ፈጣን መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ከአዲስ አበባ አዳማ መድረስ ቀላል ነው፤ ሆቴሉም ሞልቷል። ስለዚህ ስለ መልካም አስተዳደር ለመወያየት የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ሁሉ እኛ ዘንድ ይመጣል። አንድ ጊዜ ከሩቅ አገር የመጡ ሽማግሌ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ደጅ ጠንተው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለው ሲመለሱ፣ አዳማ ላይ አውቶቡስ ሲቀይሩ ኃላፊውን አንድ ሆቴል በር ላይ፣ ባጅ አንጠልጥለው ቡና ሲጠጡ አዩአቸው። ታሪኩን የነገሩን እራሳቸው ናቸው። «ቀረብ አላሉም?» አላቸው አባቴ። «የኔ ወንድም፣ ማመልከቻውን እኮ ጽሕፈት ቤቱ ትቼዋለሁ» አሉት። ወረቀቱ ከሌለ ቃል የለም። ሰባ ዓመት የኖሩ ሰው፣ በደላቸውን በልባቸው የሚያውቁ ሰው፣ በአሥር እርምጃ ርቀት ላይ ቆመው ዝም ብለው ተሳፈሩ። እኔ ሳስበው ይህ ከስንት የታሰረ ጋዜጠኛ ታሪክ ባልተናነሰ ስለ ሥልጣን ይነግረኛል።

እኛ የተማርን ነን የምንለውስ? በ1983 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ሰላማዊ ሰልፍ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቅ ይላል። ማሳወቅ ነው የሚለው። የከተማው አስተዳደር ምክንያቱን ገልጾ ቦታው ወይም ጊዜው ይለወጥ ሊል ይችላል፤ ከነአካቴው አይደረግ ማለት ግን አይችልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30ም መሣሪያ ሳይዙ በሰላም መሰብሰብን መብት ብሎታል። ታዲያ ለምንድን ነው ሁላችንም፣ ተቃዋሚውም ጋዜጠኛውም እኔም፣ «ሰልፉ ተፈቀደ»፣ «ፈቃድ ተከለከሉ» የምንለው? በ2015 ዓ.ም. የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለልን ጥያቄ ይዞ በሜይ ዴይ ሊወጣ አስቦ ሳይሆንለት ሲቀር፣ በየቤቱ የሰማሁት «አልተፈቀደላቸውም» የሚል ነው፤ የሚያሳውቅ ሰው ፈቃድ እንደማይጠይቅ ያስታወሰ አላገኘሁም። ባለሥልጣኑ መብቱን ሳይነጥቀን በፊት እኛ በግሣችን አስረክበነዋል። የአባቴ ሰዋስው ከግራሩ ሥር ወጥቶ አገር ሞልቷል።

ይህን ሁሉ የማወራው በአንድ ቦይ ምክንያት ነው።

ባለፈው ዓመት በእናቴ ሰፈር ለመንገድ ሥራ ተብሎ ቦይ ተቆፈረ። ቆፋሪዎቹ ሄዱ፣ ቦዩ ቀረ። አዳማን የሚያውቅ ሰው ክረምት ሲገባ ከኮረብታዎቹ የሚወርደው ጎርፍ ምን እንደሚመስል ያውቃል። እናቴ በሰባ ስምንት ዓመቷ በአንድ ሳንቃ ላይ ተሻግራ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ከመንገዱ ጫፍ ሆቴል ያለው ሰው በር ላይ የነበረው ግን በሳምንቱ በኮንክሪት ተከደነ። እንዴት ብለን ስንጠይቀው አልደበቀንም። «ደወልኩላቸው» አለ። ሰውየው መጥፎ ጎረቤት አይደለም፤ ለእድርም ቀድሞ የሚያዋጣ ነው። ስልክ አለው፣ የሚነሳለት ስልክ። እኛ ወረቀት አለን።

ጻፍኩ። የአባቴን ሣጥን ካየሁ በኋላ የጻፍኩት ነውና ተጠንቅቄ ነው። «ለመግለጽ እንደተሞከረው» የለም። «በትሕትና» የለም። ማን ቆፈረ፣ መቼ ቆፈረ፣ መቼ እንዲከደን እንጠይቃለን፤ ስድስት መስመር። ከዚያ የአሥራ አራት ቤት ሰው አስፈረምኩ። ከፈረሙት አንዱ ጥበቃ ነው። እስከ 2017 ድረስ ከ600 ብር በላይ የሚያገኝ ተቀጣሪ ሁሉ ግብር ከፋይ ነበርና፣ ከ1,800 ብር ደመወዙ በየወሩ 127 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥበት ነበር። በዚያው ሕግ ከ10,900 ብር በላይ ላለው ገቢ ሁሉ ጣሪያው 35 በመቶ ነበር፤ ከዚያ በላይ አንድ ሺህም አንድ ሚሊዮንም እኩል ነበሩ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ ዶላሩ በጥቂት ሳምንታት ከ57 ብር ገደማ ወደ መቶዎቹ ሲወጣ የእሱ ደመወዝ እንደ ቆመ ነበር። ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የወጣው በ2011 ነው። ይህን ስነግረው ብዕሩን ይዞ አየኝና «እንግዲህ ይህንን ቦይ የከፈልኩበት እኔ ነኛ» አለ። ሳቅን። ፈረመ።

መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። መስኮቱ ላይ የነበረችው ወጣት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ የትኛው አገልግሎት በስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ የሚገልጽ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ከጎኑ ቁልፉ የዛገ የአስተያየት መስጫ ሣጥን።

«ፊርማው በዛ» አለችኝ።

«አሥራ አራት ቤት ነን። ቦዩ ሁላችንም በር ላይ ነው።»

«ገብቶኛል። ግን እንዲህ በጋራ ሲሆን ሌላ ነገር ይመስላል።»

«ምን ይመስላል?»

ዙሪያዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ክፉ ልጅ አልነበረችም። «እርስዎ ያውቁታል። አንድ አንድ ሆነው ቢመጡ አቤቱታ ነው፣ ዛሬውኑ መዝገብ አስገባዋለሁ። እንዲህ ሆኖ ከገባ ግን ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ አስተባባሪው ማነው ይባላል። ስምዎ መጀመሪያ ላይ ነው ያለው።»

እዚያው መስኮቱ ላይ እንደ ቆምኩ በሲባጎ የታሰረው እስር መጣብኝ። 1978 ዓ.ም.፣ አሥራ አንድ ቅጠል፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቃል። አባቴ ያን ቀን ምን ያህል እንዳስከፈላቸው አላውቅም፤ ምናልባትም ምንም አላስከፈላቸውም። በዚያ ዘመን አሥራ አንድ ስም በአንድ ወረቀት ላይ መስፈር ምን ሊያመጣ እንደሚችል ያውቅ ስለነበር ነጣጥሎ ጻፋቸው። ለየብቻ ደኅና እንዲያድሩ። ከዚያ ደግሞ ማታ ቤቱ ገብቶ አንድ ላይ በሲባጎ አሰራቸው።

መንገዱን ተሻግሬ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ልጅ ስድስቱን መስመር ጽፎ ሲጨርስ ቀና ብሎ፣ «እትዬ፣ በትሕትና የሚለው ቀርቷል፤ ልጨምረው?» አለኝ። የእናቴን ሳንቃ አሰብኩ። «ጨምረው» አልኩት። ስሙን እየቀያየረ አሥራ አራት ቅጠል አወጣልኝ፤ ሁሉንም በዚያኑ ቀን አስገባሁ። ይህን ስጽፍ ቦዩ እንደ ተከፈተ ነው።

ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ከመውጣቴ በፊት ግን የመጀመሪያውን፣ አሥራ አራቱ ሰው በአንድ ላይ የፈረመበትን፣ ሰጥቼው አንድ ቅጂ አስነሣሁ። ማታ የአባቴን ሣጥን ከፍቼ ከላይ አስቀመጥኩት፤ ነፋስ እንዳይወስደው ከአራቱ ድንጋዮቹ አንዱን ጫንኩበት።